የቆየኝ ቃጭል

«ከኮሶዬ ቡችላ ይዛ የመጣችው ፋርማሲስት አንቺ ነሽ?»

የትነበርሽ የግቢውን በር እንደያዘች ጠያቂውን ከላይ እስከ ታች አየችው። ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ የለበሰ፣ ትልቅ የቆዳ ቦርሳ በትከሻው ያንጠለጠለ፣ ቀጠን ያለ ወጣት ነው። ሆሳዕና ሊገባ ሦስት ቀን የቀረው ሐሙስ ነበር፤ ያን ቀን ሥራ ስላልነበራት ቤት ውላለች።

«ምነው፣ ልትወስደው ነው?» አለች እየሳቀች። «ዘግይተሃል። ስም አውጥቼለታለሁ፤ ቆየኝ ነው የሚባለው።»

ያለፈው እሑድ ደባርቅ ያሉ እናቷን ጠይቃ ስትመለስ ሚኒባሱ ኮሶዬ ላይ ለምሳ ቆሞ ነበር። ከጎማው ሥር በብርድ የሚንቀጠቀጥ ቡናማ ቡችላ አገኘች። ጥላው ልትሄድ ስትል ተከትሏት ሮጠ። አንጀቷ አልችል አለና በነጠላዋ ጠቅልላ አመጣችው። ደግ ሥራ የሠራች መስሏት ነበር።

«አንዱዓለም እባላለሁ፤ የእንስሳት ሐኪም ነኝ» አለ ወጣቱ። አልሳቀም። «ያረፋችሁበት ምግብ ቤት ሴትዮዋ ናት የነገረችኝ። ነክሶሻል?»

«ቡችላ አይደል? ጥርስ እያበቀለ ነው፤ ያገኘውን ሁሉ ይነክሳል።» የቀኝ እጇን ሌባ ጣት ዘረጋችለት። ጠዋት ሲጫወቱ ያደረገው ነው፤ የሰሊጥ ፍሬ የምታክል ቀይ ነጥብ።

አንዱዓለም ጣቷን አየና ዝም አለ። የትነበርሽ ሆስፒታል ውስጥ ስትሠራ ብዙ ዓይነት ዝምታ አውቃለች። ሐኪም ለታማሚ የሚነግረው ሲጠፋው ዝም የሚለውን ዝምታም ታውቀዋለች። ሳቋ ፊቷ ላይ ደረቀ።

«እናቱ ትናንት ተገደለች» አለ በመጨረሻ። «አብዳ ነበር። ሁለት ላምና አንድ ሰው ነክሳለች።»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። የትነበርሽ ግን የደረሰባት ጨርሶ ያልፈራችው ነው። በሩን ተደግፋ ቆመች። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ መድኃኒት እንደሌለው ከመንገደኛ መስማት አያስፈልጋትም፤ ተምራዋለች፣ ተፈትናበታለች።

አንዱዓለም ቧንቧው ጋ ወስዶ ጣቷን ሩብ ሰዓት ሙሉ በሳሙና አሳጠባት፤ ሰዓቱን የያዘው ራሱ ነው። ከዚያ አብረው ሆስፒታል ሄደው የመጀመሪያውን ክትባት ተወጋች። ፍሪጁ ውስጥ የቀረችው አንዲት ብቻ ነበረች። ይህን ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት። ተጨማሪው ከአዲስ አበባ ይመጣል ከተባለ ሰንብቷል፤ መንገዱ ግን አንድ ቀን ሲከፈት ሦስት ቀን ይዘጋል።

«ቡችላውን ብንገድለውስ?» አለችው ሲመለሱ። ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት።

«ከተገደለ ጭንቅላቱ አዲስ አበባ ሄዶ መመርመር አለበት፤ በዚህ መንገድ መቼ ይደርሳል? ምንም ሳናውቅ እንቀራለን። በሕይወት ካለ ግን ራሱ ይነግረናል። ከዛሬ ጀምሮ አሥር ቀን ጤነኛ ሆኖ ከቆየ፣ በነከሰሽ ሰዓት ምራቁ ውስጥ በሽታው አልነበረም ማለት ነው።»

በጣቷ ቆጠረች። አሥረኛው ቀን ፋሲካ ላይ ዋለ።

«ካልቆየስ?»

አንዱዓለም ቦርሳውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ። «ይቆያል» አለ። ይህ ሰው ውሸት እንደማይችል ወዲያው ገባት።

አሁን ደግሞ እማማ እቴነሽ አሉ። በከተማው አራዳ ሰፈር ለየትነበርሽ አንዲቱን ክፍል ያከራዩ ባልቴት ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ፣ ወለላቸው የሚያበራ፣ ምላሳቸው የማይምር። ቡችላውን ደጅ እንዳያስሩት የሰፈር ውሾች በአጥር ሥር እየሾለኩ ይገባሉ፤ ቢነክሱት ወይም ቢጠፋ ጥበቃው ሁሉ ከንቱ ነው። ስለዚህ ከክፍሏ ውስጥ መዋልና ማደር አለበት። እማማ ነገሩን ሲሰሙ መጀመሪያ አማተቡ፤ ቀጥለው ግን ሕግ አወጡ።

«ነፍስ ነውና እሺ ብያለሁ። ለፋሲካ ማግሥት ግን የነፍስ አባቴ ጠበል ሊረጩ ይመጣሉ። ውሻ ያረከሰው ቤት ውስጥ እንዴት ብዬ አስገባቸዋለሁ? አንድ ጊዜ ወለሉን ካረጠበ ይወጣል፤ ሐኪምም ቢለምን አልሰማም።»

ዓርብ ጠዋት አንዱዓለም ከቦርሳው ትንሽ የነሐስ ቃጭል አውጥቶ ገመድ አሰረባትና በክፍሏ በር መያዣ ላይ አንጠለጠላት፤ ከቡችላው አፍንጫ ትይዩ።

«የአባቴ በግ ቃጭል ናት» አለ። «ከአገሬ ከመካነ ብርሃን ስወጣ ለማስታወሻ የያዝኳት እሷን ብቻ ነው። አሁን ስሚኝ። ከእንቅልፉ ሲነቃ፣ በልቶ ሲጨርስ፣ ሲጫወት ቆይቶ መሬት ማሽተት ሲጀምር፣ ወደ በሩ ውሰጂው። እግሩን ይዘሽ ቃጭሏን አስነኪው፤ ወዲያው በሩን ክፈችና አውጪው። ውጭ ሲጨርስ አመስግኚው፤ ቁራሽ ስጪው። ሳይደወል በሩ አይከፈት፤ ከተደወለ ደግሞ አንድም ጊዜ ሳይከፈት አይቅር። አንዴ ቃልሽን ካጠፍሽ እሱም ይተወዋል።»

«ይህን ሁሉ በአሥር ቀን?»

«በዘጠኝ» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለእማማ ወለል ብቻ ብዬ አይደለም። በሽታው መጀመሪያ የሚነካው ጠባይን ነው። ጥግ ይፈልጋል፣ የተማረውን ይረሳል፣ ሰው አይለይም። ቃጭሏን መትቶ ልውጣ የሚል ቡችላ ግን አሁንም አእምሮው አብሮት ነው። በሰማሻት ቁጥር ትንሽ ተንፍሺ።»

እንዲህ ነው እንግዲህ የአንዲት የተማረች ልጅ ነፍስ በበግ ቃጭል ላይ የተንጠለጠለው።

መጀመሪያ ላይ ቆየኝ ገመዱን በላው። ሌላ ታሰረለት። ቃጭሏን ሲያስነኩት ደንግጦ አልጋ ሥር ገባ፤ የትነበርሽም «ጥግ ይፈልጋል» የሚለው ትዝ ብሏት ከአልጋው አጠገብ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ እስኪወጣ ጠበቀች። አንድ ጊዜ ደግሞ ከበሩ ሳይደርስ አመለጠው። እማማ ሳያዩ በገዛ ነጠላዋ ጠረገችው። ምራቁ ትንሽ ከተንጠባጠበ ልቧ ይቆማል፤ ውሃውን ሲጠጣ ጎንበስ ብላ ስንት ጊዜ እንደዋጠ ትቆጥራለች። ዐቢይ ጾም ነውና ቤቱ ውስጥ ለቡችላ የሚሆን ቁራሽ ሥጋ የለም፤ ሽልማቱ ደረቅ ዳቦ ነበር። ለዳቦም ቢሆን ይዘላል።

አንዱዓለም ለቁጥጥር በቀን አንዴ ቢመጣ ይበቃው ነበር። እሱ ግን ጠዋት ከሥራ በፊት ይመጣል፣ ማታም ፀሐይ ሳትጠልቅ ይመጣል። የቡችላውን ዓይን ያያል፣ ድድ ያያል፣ አካሄድ ያያል። ከዚያ እሷን ያያል፤ ሲታይ ደግሞ ወደ ቡችላው ይመለሳል። ደረጃው ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ብዙ አይነጋገሩም። የትነበርሽ ግን ከመካከላቸው ያለው ስንዝር ቦታ ከቀን ወደ ቀን እንደሚሞቃት ታዘበች፤ በዚህ ጊዜ እንዲህ ማሰቧም አስፈራት።

ቅዳሜ ማታ እንደዚያው ተቀምጠው ሳለ ከተዘጋው በር ጀርባ ቃጭሏ ቃ ቃ አለች። ማንም እግሩን አልያዘለትም። ተያዩ። የትነበርሽ ዘላ በሩን ስትከፍት ቆየኝ እየተንደረደረ ወጥቶ ከአጥሩ ሥር ሸናው፤ ዘለግ ያለ፣ ሸጋ ሽንት።

«ሸጋ ልጅ» አለ አንዱዓለም፤ ዓይኑ እርጥብ ነበር።

እማማ እቴነሽ ከሳሎናቸው ብቅ ብለው አማተቡ። «የምን ቃጭል ነው? ካህን መጥቷል?»

«ቡችላው ነው፣ እማማ።»

«ይቅር ይበለኝ» አሉና ተመልሰው ገቡ።

እሑድ ሆሳዕና የትነበርሽ ሥራ ገባች። ሁለተኛዋን ክትባት የምትወጋበት ቀን ነው። ፍሪጁን ልትከፍት ስትል የመድኃኒት ማደያው መስኮት ላይ አንድ ሽማግሌ መጡ፤ እጃቸው በጨርቅ ተጠቅልሏል። አያ ሙሉሰው ይባላሉ፤ ከኮሶዬ ነው የመጡት።

«ውሻዋ ነክሳኝ ጠበል ሄጄ ሰነበትሁ፣ ልጄ። ያ የእንስሳት ሐኪም ልጅ ትናንት ተቆጥቶ ሂዱ ብሎ ሰደደኝ።»

የትነበርሽ የተጠቀለለውን እጃቸውን አየች። እኒህን ሰው የነከሰቻቸው ውሻ ማበዷ ታውቋል፤ ሞታለች። የእሷ ቡችላ ግን ዛሬ ጠዋት ደውሎ ወጥቷል። ይህን ማመዛዘን ለፋርማሲስት ከባድ አይደለም፤ ለተነከሰ ሰው ግን ከባድ ነው። ክትባቷን አውጥታ ለነርሷ ሰጠች። አያ ሙሉሰው ዕድሜ ይስጥሽ ብለው መርቀዋት ሲሄዱ፣ ባዶውን ፍሪጅ ዘግታ መጋዘን ገባችና አፏን በጋውኗ ይዛ አለቀሰች።

ለአንዱዓለም ስትነግረው አልተቆጣም። «አሁን ያለን ቆየኝ ብቻ ነው ማለት ነው» አለ። *ያለን* ማለቱን ሰምታለች።

ሕማማት ገባ። ከተማው ዝም አለ። ሰው ሰላምታ ሲለዋወጥ ከሩቅ እጅ ነሥቶ ያልፋል፤ መጨባበጥም መሳሳምም የለም። ቃጭሏ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ትመታለች፤ እያንዳንዷን የትነበርሽ በልቧ ትቀበላለች። ረቡዕ ከሰዓት ግን ሌላ ነገር መጣ። የተነከሰው ጣቷ ነዘራት። እንደ ጉንዳን ሄደባት፤ ቆመ፤ ደግሞ ሄደባት። ይህም ከበሽታው ምልክቶች አንዱ ሆኖ በተማረችው መጽሐፍ ውስጥ አለ።

ያን ማታ ደረጃው ላይ ፊቷን በጉልበቷ ደፍታ ተቀምጣ ሳለ አንዱዓለም መጣ። ምን እንደሆነች ጠየቃት፤ «ምንም» አለች። ደንቡን ረስቶ ይሁን ችላ ብሎ፣ እጁን ዘርግቶ እጇን ያዘ። ሞቃት ነበር። የትነበርሽ ከዓለም ሁሉ በላይ የምትፈልገው እዚያው እንዲቆይላት ነበር። እሷ ግን እንደተቃጠለ ሰው መንጭቃ አወጣችው።

«ሕማማት ነው» አለች።

ፊቱ ሲጠቁር አየች። ተነሥቶ የቡችላውን ድድ አየ። «ደህና ነው» ብሎ ወጣ።

ሕማማቱስ ሰበብ ነበር። የምሞት ከሆነ ልቤን ሰጥቼው ምን ያደርግበታል ብላ ነው። ጣቴን ነዘረኝ ብላ ለመናገርም አፏ አልታዘዝ አለ፤ የተነገረ ነገር እውነት ይሆናል ብላ ፈራች።

ሐሙስ ጠዋት ለአፍታ መጥቶ ቡችላውን አይቶ ሄደ። ማታ አልመጣም። ዓርብ ስቅለት ደግሞ ጭራሽ አልታየም። ሰው ሁሉ ለስግደት ወጥቷል፤ እሷ ከቆየኝ ጋር ቀረች። «እሱም ፈራኝ» አለችው ለቡችላው። ቡችላው ጫማዋን ነከሰ።

ቀዳም ስዑር ጠዋት፣ ዘጠነኛው ቀን፣ የትነበርሽ የክፍሏን በር ገርበብ አድርጋ ከግቢው ጥግ ቧንቧ ውሃ ትቀዳ ነበር። ቀዳም ስዑር ካህናት ቃጭል እየመቱ ቤት ለቤት ይዞራሉ፤ ቄጤማ ያድላሉ፣ የምሥራች ይላሉ። እማማ እቴነሽ ከንጋት ጀምሮ ነጭ ለብሰው ይጠብቁ ነበር። ከሁለት ቀን ጾም ጋር ጆሯቸው ከቃጭል በቀር ሌላ አይሰማም።

ቃጭሏ ቃ ቃ አለች።

«ደረሱ» አሉና እማማ በእርጅናቸው ሮጠው የግቢውን በር ወለል አድርገው ከፈቱት። ደጅ ማንም የለም። በእግራቸው ሥር አንድ ቡናማ ነገር ሾልኮ ወጣ።

የትነበርሽ ባልዲዋን ጥላ ሮጠች። መንገዱ ግራና ቀኝ ሰው ብቻ ነው፤ የፋሲካ ገበያ፣ በግ የሚጎትት፣ ዶሮ ያንጠለጠለ። ቆየኝ የለም። ከታክሲ ሥር፣ ከሱቅ ደረጃ ሥር አየች። የለም። አንድ ቀን ቀርቶ ነበር። ከእንግዲህ ጤነኛ ይሁን አይሁን ማንም ሳይነግራት ትቀራለች፤ እያንዳንዱን ራስ ምታት፣ እያንዳንዱን የጉሮሮ መድረቅ እየፈራች። ጣቷም አሁን ነዘራት። ስልኳን አውጥታ አንዱዓለም ጋ ደወለች።

«ጠፋ» አለች።

«የት ነሽ?» አለ አንዱዓለም።

ድምፁን ሰምታ ሳትጨርስ ከመንገዱ ማዶ ሲሮጥ አየችው። ከዚህ በፊት ስልክ ተደውሎለት እንዲህ ቶሎ የደረሰ ሰው አይታ አታውቅም።

«ቅርብ ነበርሁ» አለ፤ አፈረ። ከዚያ የጀመረውን መጨረስ እንዳለበት ሰው ተናገረ። «ትናንትም መጥቼ ነበር። በየጠዋቱ ደጅሽ ቆሜ ቃጭሏን ሳልሰማ አንኳኩቼ አላውቅም። ፈሪ ነኝ፣ የትነበርሽ። ድምፅዋ ከቀረ ምን እንደምልሽ አላውቅም። ትናንት ሰማኋትና፣ ረቡዕ እጅሽን ስለሳብሽ ጠልተሽኛል ብዬ ሳላንኳኳ ሄድሁ።»

«ጣቴ ነዝሮኝ ነው» አለች። ወጣላት። «ሕማማት ያልኩህ ውሸቴን ነው። የምሞት መስሎኝ ነው እጄን የሳብኩት።»

መንገድ መሐል መሆናቸውን ረስቶ ጣቷን ጎንበስ ብሎ አየው። አልነካውም። «በቀን ስንት ጊዜ ነው በሳሙና የምታጥቢው?»

«አላውቅም። ሃያ ጊዜ?»

«ቆዳሽ ተልጧል፤ ለዚህም ሊነዝርሽ ይችላል።» ቀና ብሎ አያትና፣ «እርግጠኛ ነኝ አልልሽም። እርግጡን የሚነግረን እሱ ነው። ነይ፣ እንፈልገው።»

ያኔ ነው ከታችኛው መንደር ቃጭል የሰሙት። የበግ አይደለም፤ የካህናት ነው። ሁለቱም ባንድ ጊዜ ቆሙ። አንዱዓለም ቀድሟት ሮጠ።

ከጠባቧ መንገድ መጨረሻ ሁለት ካህናት ቄጤማ ይዘው ከአንድ ግቢ ፊት ቆመዋል፤ አንደኛው ቃጭሉን ይመታል። ከእግራቸው ሥር ቆየኝ ቁጭ ብሏል። ዓይኑን በሩ ላይ ተክሎ፣ ጅራቱን አቧራ ላይ እያወዛወዘ፣ ቃል እንደተገባለት ሰው እስኪከፈት ይጠብቃል።

«የእናንተ ነው?» አሉ ካህኑ። «አራት ቤት አብሮን ዞረ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀድሞን ልግባ ይላል።»

አንዱዓለም ከኪሱ ደረቅ ዳቦ አወጣ። ቆየኝ በላ፤ ዋጠ፤ ሌላ ጠየቀ። የትነበርሽ ታቅፋው አፈር ላይ ቁጭ አለች። ካህኑ «ገብረ ሰላመ በመስቀሉ» ብለው ቄጤማ ሰጧት፤ ለአንዱዓለምም ሰጡት። በግንባራቸው ላይ አሰሩና ቡችላውን ይዘው ተመለሱ። እማማ ደጅ ላይ ቆመው ሲያለቅሱ አገኟቸው።

እሑድ፣ ፋሲካ፣ ነጋ። የትነበርሽ ቆየኝን ጥላ ቅዳሴ አልሄደችም። አሥረኛው ቀን ነው። ቡችላው ተኝቷል። ሌላ ቀን በዚህ ሰዓት ሁለቴ ደውሎ ነበር። ጎኑ ከፍ ዝቅ ይላል። «ቆየኝ» አለችው፤ ጆሮውን ብቻ አነቃነቀ። ትናንት ብዙ ስለሮጠ ነው አለች። የተማረውን ይረሳል አለች። ፀሐይ መስኮቱ ጋ ደረሰች። ቃጭሏ እንደተንጠለጠለች ናት። እዚያ ደጅ የቆመ ሰው ካለ እሱም እየሰማ አለመሆኑ ትዝ አላት፤ የሁለት ሰው ፍርሃት ባንድ ጊዜ ተጫናት። ሄዳ ራሷ ልትደውልለት አሰበች። ውሸት ይሆናል ብላ ተወችው።

ቆየኝ አንገቱን ቀና አደረገ። አሸተተ። ተነሥቶ ተዘረጋጋ፤ ወደ በሩ ሄዶ ቃጭሏን በአፍንጫው ገፋት።

ቃ።

ደግሞ ገፋት፤ ወደ እሷም ዞሮ አያት፤ ምነው አትከፍችም እንደማለት።

ስትከፍትለት ከአጥሩ ሥር አልሄደም። በቀጥታ ወደ ግቢው በር ሮጦ ቁጭ አለ። የትነበርሽ በባዶ እግሯ ተከትላው ከፈተች። አንዱዓለም አዲስ ነጭ ልብስ ለብሶ፣ ጫማው ለመጀመሪያ ጊዜ ተወልውሎ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ፊቱ እንደ አመድ ነው።

«ዛሬ ቃጭሏ ቆየች» አለ።

«ተኝቶ ነበር። ከመቼ ጀምረህ ነው የቆምከው?»

«ከቅዳሴ እንደወጣሁ።»

ተንበርክኮ የቡችላውን ዓይን አየ፤ ድድ አየ፤ ዳቦ አበላው፤ ውሃ አስመጥቶ አጠጣው። ጊዜ ወሰደበት። ጉልበቱን አራግፎ ተነሣ። «አበቃ» አለ። «ነጻ ነሽ።»

የትነበርሽ ቀኝ እጇን ዘረጋችለት፤ ያቺኑ ባለ ነጥቧን። «ሕማማት አልፏል» አለች።

ያዘው። ጉንጯን ሳማት፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፤ እንደ ፋሲካ ሰላምታ። አራተኛው ግን የፋሲካ አልነበረም።

«ማነው?» አሉ እማማ እቴነሽ ከሳሎን። «ቃጭል ሰምቻለሁ፤ ካህናቱ ናቸው?»

«አይደሉም፣ እማማ። አንዱዓለም ነው።»

«እና ደጅ ምን ያቆመዋል? ይግባ፤ ዶሮው ቀርቧል።» ብቅ ብለው ቡችላውን አዩት። «ውሻው አይገባም። አጥንቱን ግን ለይቼለታለሁ፤ ደጃፉ ላይ ይብላ።»

ቆየኝ ሁለቱ ሲገቡ ተከትሏቸው ደጃፉ ላይ ደረሰና፣ በእማማ ሳሎን በር ላይ ቃጭል ፈለገ።